የሜዳው ወጪ ከምረቃ በኋላ




በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የስፖርት ፖሊሲ፣ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ ስፖርትን እንዲያዘወትር ማስቻልን ዓላማው አድርጓል። ይህ ቃል በሜዳ ካልተተረጐመ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሜዳ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ለሠፈር እድሳትና ለስፖርት ሥፍራ የሚመደበው የመንግሥት በጀት ግንባታውን ብቻ አስቦ ጥገናውን ከዘነጋ፣ በተለይም በየካ ክፍለ ከተማ ተዳፋት ላይ የተሠራው ሥራ ከጥቂት ክረምት በላይ አይዘልቅም።

ባለፉት ዓመታት ለእንጦጦና ለግርጌው የታሰበው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻ ልማት በ29 ቢሊዮን ብር እንደሚከናወን ተገልጾ ነበር። በመስከረም ወር 2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አስገኘ።

ይሁን እንጂ ፓርኩ ያለው በተራራው ራስ፣ አዲሱ መንገድ ያለው በአውራ ጎዳናው ዳር ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ በተዳፋቱ ላይ በተደራረቡት ሠፈሮች፣ ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱት የት ነው? እንደ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያሉ ሯጮች የሠለጠኑበት እንጦጦ ሜዳ ሳይሠራለት ለአገር ጀግና አፍርቷል። ሩጫ ዳገት ይወዳል፤ ኳስ ግን ደልዳላ መሬት ይፈልጋል።

በተዳፋት ላይ ደልዳላ መሬት ማስገኘት የመሐንዲስ ተግባር ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ እስከ መገናኛ ያለው የከፍታ ልዩነት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ፣ ቅጠሉ ለማገዶ በተጠረገ ቁጥር ሥሩ ያለው አፈር ራቁቱን ይቀራል። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍም ያንን አፈር ይዞ ይወርዳል።

ስሌቱ ግልጽ ነው። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት፣ በሜዳው ላይ ብቻ የሚያርፈው ውሃ 357 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከበላዩ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ፣ ከሣሩ ሥር የጠጠር ንጣፍ፣ ከግርጌው ውሃ የሚያሳልፍ ደጋፊ ግንብ ያስፈልጋል። እነዚህም ከተሠሩበት ዓመት ጀምሮ ደለል ይሞላባቸዋል። ከክረምት በፊት ቦዩን የሚጠርገው ሠራተኛ ደመወዝ ካልተያዘለት፣ በሚሊዮን የሚቆጠረው ወጪ በአንድ አካፋ እጦት ይበላሻል።

የችግሩ ሥር ያለው በበጀት አያያዝ ላይ ነው። ግንባታው ከካፒታል በጀት ይከፈላል፤ ጥበቃው፣ ጽዳቱና ጥገናው ግን ከመደበኛው በጀት የሚጠበቁ ናቸው። ሁለቱ አብረው ካልጸደቁ ሜዳውን የሚረከበው አካል ቁልፉን እንጂ ማስተዳደሪያውን አይረከብም።

የጃን ሜዳ ታሪክም ትምህርት ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት ሥፍራ ለወራት የገበያ ቦታ ሆነ። ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ገበያው ሲነሣ፣ ሜዳውን አጽድቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ጠየቀ። ሜዳ ለችግር ጊዜ ይውላል፤ መመለሻው ግን አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ ይበጃል። አንደኛ፣ የማንኛውም የሠፈር ሜዳ ንድፍ የጥገና ወጪውን በየዓመቱ ዘርዝሮ ካልቀረበ አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ከሣሩ በፊት የውሃው መውረጃ ይሠራ። ሦስተኛ፣ የሠፈር እድሳት ነዋሪውን ከሠፈሩ ሳያርቅ ይከናወን፤ ነባሩ ሰው ከሄደ ሜዳውን እንደ ራሱ ንብረት የሚጠብቅ አይኖርምና።

ንድፉን የሚፈርመው መሐንዲስ ነው። በፊርማው ሥር የግንባታው ዋጋ ብቻ ሰፍሮ ከተገኘ፣ ቀሪውን ሒሳብ የሚከፍለው በክረምት ጭቃ ውስጥ ኳሱን የሚፈልገው ልጅ ነው።