ልጁ ሲያድግ ይነገረው



በዛሬው ዝግጅታችን በየቤቱ እያለ የማይወራ ጉዳይ እናነሳለን። አንዳንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል ይገኛል። ሐኪሞች ሀይፖስፓዲያስ ይሉታል። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች በአንዱ ላይ ይታያል። እርግማን አይደለም፤ የእናትም ጥፋት አይደለም። በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፤ የሚመረጠውም ዕድሜ ከ6 እስከ 18 ወር ነው።

እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስላደገው ሰው ነው። እዚህ አየር ጤናም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች ብዙ ወላጆች ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ልጁ ጠባሳውን እያየ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጎለምሳል። መጠየቅ ያፍራል፤ የኒካሕ ነገር ሲነሳም ሰበብ ያበዛል። ቁስሉ ድኖ ሳለ ዝምታው ያመዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ንገሩት። ምክንያታችን ሦስት ነው።

አንደኛው ጤናው ነው። የተሠራው የሽንት ቧንቧ ከዓመታት በኋላ ሊጠብ ወይም በጎኑ ሊቀደድ ይችላል። ሽንቱ ቢቀጥን፣ ቢያስምጠው፣ በሌላ ቦታ ቢያፈስ ወይም ብልቱ ሲቆም ቢጎብጥ ሐኪም ይየው። ደህና የሆነውም ቢሆን ከጉርምስና በኋላ መታየቱ ይበጀዋል። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሙያው ሐኪሞች አሉ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፎ መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ዒባዳው ነው። ከሸና በኋላ የሚያንጠባጥበው ሰው እስኪቆም ታግሶ፣ ታጥቦ ውዱእ ያድርግ። ጭራሽ የማይቋረጥለት ሰው ደግሞ የሰላቱ ወቅት ሲገባ ራሱን አጽድቶ፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ «ጦሃራ የለኝም» ብሎ ሰላት አይተው። ቆሞ መሽናት ያስቸገረውም አይፈር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀምጠው ይሸኑ እንደነበር ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተዘግቧል።

ሦስተኛው ትዳሩና ልጆቹ ናቸው። በልጅነታቸው የታከሙ አብዛኞቹ ወንዶች አግብተው ይወልዳሉ። የዘር ፍሬው ሳይወርድ የቀረበት ሰው ግን አስቀድሞ ይመርመር። የዳነ ጠባሳን ለሰው ሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ የትዳርን ሐቅ የሚነካ ችግር ካለ ግን ከኒካሕ በፊት ለምትታጨው ይነገራት፤ መደበቅ ማታለል ነው።

ደግሞም ይህ ነገር በዘር የሚደገምበት ጊዜ አለ። ሰውየው የራሱን ታሪክ ካላወቀ፣ ወንድ ልጅ ሲወለድለት ሕፃኑን ሳያስመረምር በ7ኛው ቀን ያስገርዘዋል። ሐኪሞች ግን ቧንቧውን ለመሥራት ሸለፈቱን ሊፈልጉት ይችላሉ። ስለዚህ የሽንቱ ቀዳዳ ቦታውን የለቀቀ ሕፃን ሐኪም ሳያየው አይገረዝ። ለጤና ሲባል ኺታንን ማዘግየት በሸሪዓችን ይፈቀዳል። ገራዦቻችንም ምላጭ ከማንሳታቸው በፊት ይህን ይመልከቱ።

እንግዲህ አባት ለልጁ በእርጋታ ይንገረው፦ «እንዲህ ሆነህ ተወለድክ፤ ታከምክ፤ ምንም የሚያሳፍርህ ነገር የለም።» የተሠራበትን ሆስፒታልና ዓመት ጽፎ ይስጠው፤ የሕክምና ወረቀት ካለም ያስረክበው። አባት ከሌለ እናት ወይም አጎት ይንገረው።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ያሽር፤ ልጆቻችንንም በጤና ያሳድግልን፤ አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።