ምግብን ፎቶግራፍ ማንሣት ሙያ ነው ወይ?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር



ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣን በኋላ ልንይዘው ስለምንመኘው ሥራ እንድንናገር በታዘዘው መሠረት ጓደኞቼ ሕክምናን፣ ምሕንድስናንና ሕግን መርጠዋል። እኔ ርእሴን በክፍል ባስታወቅሁ ጊዜ ግን ሣቅ ሆነ፤ «ወጥ ፎቶግራፍ እያነሡ መኖር!» ያለም ነበረ። በሣቁ አልተቀየምሁም፤ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉበትና። አንደኛው፣ ይህ ሥራ ሰውን ያኖራል ወይ? የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ የሚቀምሰው ያጣ ሰው ባለበት አገር የምግብን ሥዕል ማሳመር ቅንጦት አይሆንም ወይ? የሚል ነው። ስለ ሁለቱም የምችለውን ያህል ለመመለስ እሞክራለሁ፤ በተለይ ወላጆች እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ፤ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁና።

ከሁለተኛው ልጀምር። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በዕቁብ ገንዘብና በአንዲት ሴት ጉልበት የቆሙ ምግብ ቤቶች ምን ያህል እንደ በዙ ሁላችሁም ታያላችሁ። ዛሬ ደንበኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ላይ ሥዕል አይቶ ይመርጣል፤ ምግቡን እቤቱ ድረስ የሚያስመጣም አለ። ትልቁ ሆቴል ገንዘብ ከፍሎ ባለሙያ ይጠራል። የትንሿ ምግብ ቤት ባለቤት ግን ወይ ምንም ሥዕል የላትም፤ ወይ ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ምግብ ወስዳ ትለጥፋለች። በሰፈራችን እንዲህ ያደረገ ቤት አውቃለሁ። በበሩ ላይ የተሰቀለው ጥብስ በሸክላ የሚጨስ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱ የተትረፈረፈ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ግን ሌላ ነው። የቤቱ ጥብስ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ደንበኛው ሌላ ነገር ጠብቆ ስለ መጣ የተታለለ ይመስለዋል፤ ሁለተኛም አይመለስም። እንግዲህ የራሷን ወጥ በራሷ ሳህን እንደ ሆነው አድርጎ የሚያሳይላት ሰው ለዚህች ሴት ቅንጦት ነው ትላላችሁን?

ጥበቡም አዲስ አይደለም። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 እስከ 1846 በየክፍሉ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በቅርጫት የተቀመጠ ፍራፍሬ አስገብቷል። ሮጀር ፌንተን የተባለው ደግሞ በ1855 የክሪሚያን ጦርነት ያነሣ ሰው ነው፤ በ1860 ግን ካሜራውን በወይን ዘለላና በሌላም ፍራፍሬ ፊት አቆመ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ስለ አንድ የወይን ዘለላ ይህን ያህል መድከሙን ልብ በሉ።

ወደ ሙያው ስንገባ ብዙ ሰው ዋናው ነገር ውድ ካሜራ ይመስለዋል። እኔ እስካሁን የተለማመድሁት በስልክና በእናቴ ማዕድ ቤት መስኮት ነው፤ ያገኘሁትም ትምህርት ዋናው ነገር ብርሃን መሆኑን ነው። እንጀራን ውሰዱ። ከፊት ለፊት በካሜራው መብራት ቢነሣ ዓይኑ ሁሉ ጠፍቶ ግራጫ ጨርቅ ይመስላል። ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ትንሽ ጥላ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ልስላሴው በጣት የሚዳሰስ ያህል ይታያል። ዶሮ ወጥ ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። መልኩ ጠቆር ያለ ስለ ሆነ ብርሃን ይውጣል፤ ቅባቱ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ በአጠገቡም ነጭ እንቁላልና አይብ አለ። ለወጡ ብለን ብርሃን ብንጨምር አይቡ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ለአይቡ ብለን ብንቀንስ ወጡ ከሰል ይመስላል። መድኀኒቱ ምግቡን በመስኮቱና በካሜራው መካከል አስቀምጦ ብርሃኑን ከኋላ ማስመጣት፣ ከፊት በኩልም ነጭ ካርቶን አቁሞ ጥቂቱን ብርሃን ወደ ወጡ መመለስ ነው። ልኩን በነጩ ያዙ፤ ጥቁሩን በካርቶኑ አንሡት። እንፋሎትም ብርሃን ከኋላው፣ ጨለም ያለ ነገር ደግሞ ከጀርባው ካላገኘ አይታይም፤ ስለዚህ የሚንተከተክ ሽሮን በነጭ ግድግዳ ፊት ማንሣት ድካም ብቻ ነው። አምፑሉንም ማጥፋት ይገባል። የተራ አምፑል ብርሃን 2,700 ኬልቪን ያህል፣ የቀን ብርሃን ግን 5,500 ያህል ስለ ሆነ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሳህኑ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል።

ከብርሃን ቀጥሎ ጊዜ ነው። ጥሬ ክትፎ ሲቆይ ቀይነቱ ወደ ቡኒ ይለወጣል፤ ጎመን ብዙ ሲበስል አረንጓዴነቱ ይደበዝዛል፤ የእንጀራው ጠርዝ ይደርቃል፤ ቅቤው ይረጋል። ስለዚህ ሠራተኛው መጀመሪያ ባዶ ሳህን አስቀምጦ ካሜራውን በሦስት እግሩ ያቆማል፤ ብርሃኑንና ካርቶኑን ያስተካክላል፤ ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ብቻ «ይምጣ!» ይላል። ይህን ለማድረግ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ግድ ነው። አንዳንድ ወንዶች ጓደኞቼ ማዕድ ቤት መግባት ነውር ይመስላቸዋል፤ ቁሌት መብሰሉን በመልኩ ለይቶ የማያውቅ ሰው ግን ወጥ አንሥቶ ሊኖር አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአሜሪካ ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያ በሚያነሣው ሳህን ሥር የብርጭቆ ብይ አስቀመጠ። አትክልቱ ወደ ታች ስለሚሰጥም፣ ብዩ ከፍ አድርጎ እንዲያሳየው ነው። ሾርባው እውነተኛ ነበረ፤ ብዩ ግን ሾርባው ከሆነው ይልቅ የበዛ አስመሰለው። የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ በ1970 እንዲህ ያለው ማስታወቂያ እንዲቀር አዘዘ። እኔ በበኩሌ ድንበሩን በዚህ አደርገዋለሁ፦ ከአሥር እንጀራ የተሻለውን መምረጥ፣ የደረቀውን ወጥ በራሱ ቅባት ማርጠብ፣ የሳህኑን ጠርዝ መጥረግ የተፈቀደ ነው፤ ማንኛዋም እመቤት ለእንግዳ ታደርገዋለች። ደንበኛው የማያገኘውን ሥጋ መከመር ግን በሚዛን ላይ ጣት እንደ መጫን ነው። ከተነሣ በኋላም ምግቡ ለሰው የሚበላ ሆኖ መቅረት አለበት፤ በዘይትና በሙጫ አበላሽቶ መጣልን እጠላለሁ።

ገበያው የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የበያይነቱ ሥዕል ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድረስ አለበት፤ የፋሲካው ዶሮ ደግሞ በጾሙ ውስጥ ይነሣል። የሚጾም ፎቶግራፍ አንሺ አሥራ ሁለቱን ብልት በፊቱ ደርድሮ በዓይኑ ብቻ መሥራት ይኖርበታል ማለት ነው!

ስለ ገንዘቡ። አንድ ሰው ካሜራና ሌንስ በ120,000 ብር ገዛ እንበል። አራት ዓመት ቢያገለግለው በዓመት 30,000 ብር ይሆናል፤ በዓመት 60 የሥራ ቀን ቢያገኝ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በየቀኑ 500 ብር የካሜራ ዕዳ አለበት። የታክሲ፣ የረዳት፣ የግብርና በኮምፒዩተር ፊት የሚያልፈው ሰዓት በዚህ ላይ ይደመራል። ይህን ያላሰላ ሰው 600 ብር ተቀብሎ አተረፍሁ ይላል፤ በእውነቱ ግን ካሜራውን እየበላ ነው። ስለዚህ የንግድ ፈቃድ፣ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ ከሥራ በፊት ቀብድ፣ ከሁሉም ይልቅ የተጻፈ ውል ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ይሆናል። እንግዲህ ስንት ምግብ፣ ስንት ሥዕል፣ የት የት እንደሚውልና የማን እንደሚሆን ያልጻፈ ሰው ኋላ ሥዕሉን በየአደባባዩ ቢያይ በማን ላይ ይጮኻል?

ያሰብሁት እንዲህ ነው። ፈተናውን ከጨረስሁ በኋላ በአንድ የሰርግ ፎቶ ቤት ረዳት ሆኜ ብርሃን እማራለሁ፤ ማታ ማታ የሒሳብ አያያዝ እማራለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የሰፈራችንን ትንንሽ ምግብ ቤቶች አነሣለሁ፤ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም በነጻ አይሆንም፤ በነጻ የተሰጠ ሥራ ዋጋ የለውም ተብሎ ይቆጠራልና። እናቴ ተስማምታለች፤ ወጧ እንዳይበርድባት ብቻ ትለምነኛለች። አባቴ ግን «ካሜራው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ» ይሉኛል። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሰጡኝና የገቢ መዝገቤን በየወሩ እንዲመረምሩ ለምኛቸዋለሁ። መልሳቸውን ገና አልሰጡኝም፤ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ይሰሙኛል።