ጥቁር የተባለ እባብ ሁሉ ጥቁር አይደለም
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። የፈራ ሰው ልጡን እባብ አድርጎ እንደሚያየው ሁሉ፥ ረዥምና ጠቈር ያለ እባብ ያየ ሰውም ወዲያውኑ «ጥቁር ማምባ ነው!» ብሎ ይፈርዳል። ይህንም ፍርድ የሚሰጠው ከቀለሙ በቀር ሌላ ምስክር ሳይጠይቅ ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህ ምስክር ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ለመመርመር ነው። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጋምቤላ፥ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወይም ወደ መተማ የምትወርዱ ሁሉ ነገሩ እንደሚመለከታችሁ አያጠራጥርም።

ከማምባው እንጀምር። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ገላው በእርግጥ ጥቁር የሆነ ማምባ ማግኘት ብርቅ ነው። መልኩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደረቀ የወይራ ቅጠል ያለ ቡናማ፥ ወይም አመድማ፥ ወይም እንደ ጠመንጃ ብረት ያለ ግራጫ ነው፤ ሆዱም ነጣ ያለ ነው። ገና ከዕንቍላል ሲወጣ ፈዘዝ ያለ ሆኖ፥ ዕድሜው በገፋ መጠን እየጠቈረ ይሄዳል። ታዲያ ጥቁር የተባለው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ ስለ አፉ ውስጥ ነው። ተቈጥቶ አፉን በከፈተ ጊዜ ውስጡ የብዕር ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ምልክቱ የታመነ ምልክት ነው፤ ነገር ግን እርሱን አጥርቶ ለማየት የበቃ ሰው ከሚገባው በላይ ቀርቧል ማለት ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ሲሆን፥ 4 ሜትር የሚደርስም አለ። ሰውነቱ ለርዝመቱ ቀጭን፥ ራሱም ጠበብና ሞላላ ያለ ነው።

እንግዲህ ጥቁሩ ማምባ ጥቁር ካልሆነ፥ በእውነት ጥቁር ሆኖ የሚታየው ትልቅ እባብ ማን ነው? ብዙ ጊዜ ኮብራ ነው። አንገተ ጥቁር የሚባለው መርዝ የሚተፋው ኮብራ በአንዱ አገር ጥቁር፥ በሌላው አገር ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ቀና ብሎ አንገቱን በዘረጋ ጊዜ ከጕሮሮው በታች ሰፊ ጥቁር መቀነት ይታያል፤ በብዙዎቹም ላይ ከመቀነቱ ጋር ቀላ ያለ መስመር ይኖራል። የግብጽ ኮብራ የሚባለው ደግሞ መርዙን አይተፋም፤ እርሱም በአብዛኛው ቡናማ ሲሆን ወደ ጥቁርነት የሚያደላ አለ። የጫካው ኮብራ ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግር ነው። ከወደ ፊቱ ቢጫ ወይም ቡናማ፥ ከወደ ኋላው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሊሆን ስለሚችል፥ ራሱን ያየና ጅራቱን ያየ ሁለት ሰዎች ሁለት እባብ አየን ብለው ቢከራከሩ አይፈረድባቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድነት የሚከሰሰው ምስኪን የቤት እባብ ነው። ከቡናማ እስከ ጥቁር ድረስ ይለያያል፤ መርዝ የለውም፤ ምግቡ አይጥ ነው። ለባለ ጎተራ ከድመት የማያንስ ረዳት ሆኖ ሳለ፥ በቀለሙ ምክንያት ብቻ በዱላ ተቀጥቅጦ ይሞታል።

የእባብን መልክ የሚለዋውጠው ዘርና ዕድሜ ብቻ አይደለም። አሮጌ ቆዳውን ሊገፍፍ በተቃረበ ጊዜ ገላው ይደበዝዛል፥ ዓይኑም የወተት መልክ ይይዛል፤ ከገፈፈ በኋላ ግን እንደ አዲስ ጫማ ያበራል። ጥላና አቧራም የየራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ በቀትር ፀሐይ አመድማ የነበረው በዛፍ ጥላ ሥር ከሰል መስሎ ይታያል።

መልክን አይቶ ስም ማውጣት ለሊቅም ቢሆን የሚያስቸግር መሆኑን አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። በ1957 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር) በመስከረም ወር፥ በቺካጎ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ወደሚሠሩት ወደ ካርል ሽሚት፥ ዓይነቱ ተለይቶ ይታወቅ ተብሎ አንድ ትንሽ የአፍሪካ እባብ ከከተማው የአራዊት ማቈያ ተላከ። የራሱ ቅርጽና ቀለሙ ቡምስላንግ የሚባለው መርዘኛ እባብ መሆኑን ያመለክቱ ነበር። የዚህ እባብ ዘር አረንጓዴ፥ ቡናማና ጥቁር እየሆነ የሚገኝ ነው። ነገር ግን አንዲት የሆዱ ቅርፊት ከተለመደው ውጭ ስለ ነበረች ሊቁ ተጠራጠሩ፤ በዚህም መካከል አውራ ጣታቸውን ነከሳቸው። ሕመማቸውን ሰዓት በሰዓት በወረቀት ላይ እየጻፉ ቆይተው በማግሥቱ ሞቱ።

ዕድሜያቸውን በሙሉ እባብ ሲመረምሩ የኖሩት እንዲህ ከሆኑ፥ በመንገድ ዳር ለአፍታ ያየ የሒሳብ ሹም ወይም የመሬት ለኪ ምን ይበል? ከሦስትና ከአራት ሜትር ያላነሰ ርቀት ጠብቆ ቆሞ ማሳለፍ ይበቃዋል። ስሙን ለማወቅ የጓጓ ከሩቅ ፎቶግራፍ ያንሣ። እባቡን ገድሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ግን ሁለተኛ ሰው ማስነከስ ነው፤ የተቈረጠ ራስ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሊነክስ ይችላልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በእባብ መርዝ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች ይሞታሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከሆስፒታል ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሐኪሙ የሚፈርደው በእባቡ ቀለም ሳይሆን በበሽተኛው ላይ በሚያየው ምልክት ነው። የዓይን ቆብ ቢወድቅ፥ ምራቅ መዋጥና መተንፈስ ቢያስቸግር፥ የማምባና የአንዳንድ ኮብራ ዓይነት መርዝ ነርቭን እንደ ያዘ ያውቃል፤ እብጠትና የሥጋ መበስበስ ቢታይ ወደ ሌላው ወገን ያስባል። የተነከሰውን እግር ወይም እጅ ቀለበትና ጫማ አውልቆ፥ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፎ፥ ሰውየውን ሳያስሮጡ ተሸክሞ ማድረስ ነው። መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የመርዝ ማርከሻው መድኃኒት በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፥ ወደ ቆላ የሚወርድ ሹም የውሎ አበሉን ከመፈረሙ አስቀድሞ በየትኛው ሆስፒታል እንዳለ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ተፊው ኮብራ ዓይን ውስጥ የተፋ እንደ ሆነም፥ ዓይንን ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ውሃ ሲጠፋ ወተትም ያገለግላል።