ስለ ሙሉ ቍጥር ክብር
የስፖርት ተመልካቾች መቶኛውንና ሺሕኛውን ስለ ምን እንደሚያከብሩ የተነገረ ንግግር



የኢዮቤልዩ በዓል በሚከበርበት ጊዜ ስለ ኳስና ስለ ሩጫ መናገር ለጊዜው የማይገጥም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ ይዛመዳሉ። ኢዮቤልዩ የሚከበረው ዓመታት ተቈጥረው ሙሉ ቍጥር ላይ ስለ ደረሱ ነው፤ በስፖርት ሜዳም ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ እልል የሚለው ብዙ ጊዜ መቶኛው ወይም ሺሕኛው ሲሞላ ነው። ዘጠና ዘጠነኛው በድካም ከመቶኛው አያንስም፤ መቶ አንደኛውም እንዲሁ። እንግዲህ ሰው ስለ ምን አንዱን ለይቶ ያከብራል?

በመጀመሪያ ሙሉነቱ ከመቍጠሪያው እንጂ ከሥራው የማይገኝ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በፈረንጆች አቈጣጠር ሜይ 6 ቀን 1954 ሮጀር ባኒስተር የሚባል የሕክምና ተማሪ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አንድ ማይል በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጠ። ከዚያ በፊት ይህን ርቀት ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የፈጸመ ሰው አልተመዘገበም ነበር። ውጤቱን የሚያስታውቀው ሰው «ሦስት» የሚለውን ቃል ባሰማ ጊዜ ሕዝቡ ከደስታ የተነሣ ስለ ጮኸ የቀረው ቍጥር አልተሰማም፤ ሦስት መባሉ ብቻ በቅቶት ነበርና። ማይል ግን የእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ በሜትር 1609 ያህል ይሆናል። ርቀቱ በኪሎሜትር ተለክቶ ቢሆን ኖሮ የ4 ደቂቃው ወሰን ባልኖረም፥ እልልታውም በሌላ ቀን በሆነ ነበር። ከ46 ቀን በኋላ የአውስትራሊያው ጆን ላንዲ በፊንላንድ አገር ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞት ሮጠ፤ ሆኖም በሰው አፍ ይልቁን ጸንቶ የቀረው የባኒስተር ስም ነው።

የግእዝ አኃዝም ይህንኑ ያስረዳል። ዘጠና ዘጠኝ ፺፱ ተብሎ በሁለት ምልክት ሲጻፍ፥ መቶ ፻ ተብሎ በአንድ ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ ለዓይን ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሺሕ ግን በግእዝ ዐሠርቱ ምእት ነውና ፲፻ ተብሎ በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ የራሱ ምልክት ያለው እልፍ፥ ይኸውም ፼ ነው። ዓለም ዛሬ በሚጽፍበት አኃዝ ደግሞ ሺሕ ሦስት ዜሮ አስከትሎ እንደ አዲስ ደጅ ይከፈታል። የዘመን ቍጥርም እንደዚሁ ነው። ሌላው ዓለም ሁለት ሺሕኛውን ዓመት ካከበረ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓመተ ምሕረት የራሷን በታላቅ በዓል ተቀበለች። ፀሐይ ግን በሁለቱም ቀን እንደ ልማዷ ወጥታ ገባች።

ሙሉ ቍጥር የሰው ስምምነት ከሆነ እንግዲህ ከንቱ ነውን? አይደለም። በሜዳው ላይ የሚደክመው ተጫዋቹ ነው፤ ተመልካቹ ኳስ አይመታም፥ አይሮጥምም። ለእርሱ የተተወለት ሥራ መቍጠር ነው። ሌላው የሠራውን እርሱ ይቈጥራል፥ ይጠብቃል፥ ለልጁም ይነግራል። በየቀኑ ማመስገን አይቻለውም፤ እያንዳንዱም ብቻውን በልቡ ቢያመሰግን ድምፁ አይሰበሰብም። ሙሉው ቍጥር ግን ለሁሉ አንድ ቀጠሮ ይሰጣል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሰዓት ተነሥተው በአንድ ድምፅ ያመሰግናሉ። መቶኛው የሚከበረው ከዘጠና ዘጠኙ ስለሚበልጥ ሳይሆን የዘጠና ዘጠኙ ምስጋና በእርሱ ቀን ስለሚከፈል ነው። ቍጥሩ ሰም፥ ድካሙ ወርቅ ነው፤ አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰዋል፥ ነገር ግን ሰሙ ባይቀድም ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር።

ዳሩ ግን ቀጠሮው ራሱ ጌታ የሆነ እንደ ሆነ ጉዳት ያመጣል። ክሪኬት በሚባለው ጨዋታ በእንጨት መምቻ ኳስ መትቶ በአንድ ተራ መቶ ነጥብ ያገኘ ሰው እጅግ ይከበራል። የሕንዱ ሳቺን ቴንዱልካር በአገሮች መካከል በሚደረገው ግጥሚያ እንዲህ ያለውን መቶ ለ99ኛ ጊዜ የሞላው ማርች 12 ቀን 2011 ነበር። መቶኛው ግን ከዓመት በላይ ዘገየ። በመካከሉ አንድ ጊዜ 91፥ አንድ ጊዜም 94 አግኝቶ ወጣ፤ ለሌላ ሰው መመስገኛ የሚሆነው ነጥብ ለእርሱ እንደ ጉድለት ተቈጠረበት። በመጨረሻ ማርች 16 ቀን 2012 በባንግላዴሽ አገር 114 ነጥብ አግኝቶ መቶኛውን ፈጸመ። ሕንድ ግን በዚያው ቀን በባንግላዴሽ ተሸነፈች። አንዱን ቍጥር ሲጠባበቅ የኖረ ሕዝብ ደስታውንና ሽንፈቱን በአንድ ምሽት ተቀበለ።

ሳይሞላ የቀረ ቍጥርም የሚያስተምረው አለ። በዚያው ጨዋታ ከሁሉ የላቀ ነው የሚባለው የአውስትራሊያው ዶናልድ ብራድማን በኦገስት 1948 በለንደን በአገሮች መካከል በሚደረገው ግጥሚያ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሜዳ ሲገባ 4 ነጥብ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እርሷን ቢያገኝ የዘመኑ ሁሉ አማካይ ውጤት ልክ መቶ ይሆን ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበለት፥ የእንግሊዝ ተጫዋቾችም በእልልታ ተቀበሉት። በሁለተኛው ኳስ ግን ያለ አንድ ነጥብ ወጣ። ድምሩ 6996 ሆኖ፥ የወጣበትም ጊዜ 70 ሆኖ፥ አማካዩ 99.94 ላይ ቆመ። ይህ ጐደሎ ቍጥር እነሆ ጨዋታውን በሚወድዱ ሰዎች ዘንድ ከብዙ ሙሉ ቍጥሮች ይልቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ ክብሩ በሥራው እንጂ በዜሮዎቹ እንዳልነበረ ታወቀ።

ቀጠሮውን በመልካም የተጠቀመበትም አለ። ብራዚላዊው ፔሌ ኖቬምበር 19 ቀን 1969 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በማራካና ስታዲዮም ሺሕኛው የተባለውን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። የወዳጅነት ግጥሚያዎች ሁሉ ገብተውበት ስለ ተቈጠረ ቍጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጨዋታው ቆመ፥ ጋዜጠኞችም ወደ ሜዳው ሮጠው ከበቡት። እርሱ ግን ሁሉ ጆሮውን በሰጠው በዚያች ሰዓት ስለ ራሱ ከመናገር ይልቅ ድኾች ሕፃናት እንዲታሰቡ ለመነ። ከጎሎቹ ብዙዎቹ ከዚያች ፍጹም ቅጣት ምት ይልቅ ያማሩ ነበሩ፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ብሎ እንዲሰማው ያደረገችው ግን ያች ናት።

የኢዮቤልዩ ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው። በዚያ ሙሉ የተባለው ቍጥር ዐሥር ሳይሆን ሰባት ነው፤ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት፥ ይኸውም 49 ዓመት ይቈጠርና 50ኛው ይቀደሳል። የተቀደሰውም ለመታየት አይደለም፤ በዚያ ዓመት ባሪያ ነጻ ይወጣል፥ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ ይመለሳል። በሥርዓቱ ቍጥሩ ሲሞላ የድኻው ጕድለት አብሮ እንዲሞላ ታዘዘ።

እንግዲህ በዓል የሚያከብር ማኅበር ሁሉ ሁለት ነገር ሊያስብ ይገባዋል። አንደኛው፥ በ13ኛው ወይም በ27ኛው ዓመት፥ በዓል በሌለበትና እልልታ ባልተሰማበት ጊዜ፥ ድንጋይ የተሸከመ፥ ውኃ የቀዳ፥ መብራት ያበራ ሰው መኖሩን ነው፤ ሙሉው ቍጥር የእርሱ ዕዳ መክፈያ ነውና ስሙ ሳይጠራ በዓሉ አይፈጸም። ሁለተኛው፥ ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ ጆሮውን የሚሰጥበት ሰዓት በዘመን አንድ ጊዜ የሚገኝ መሆኑን ነው። ያ ሰዓት በጭብጨባ ብቻ ያለፈ እንደ ሆነ ቍጥሩ ሞላ እንጂ ሥራው አልሞላም። በማግሥቱ መቍጠሩ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል፤ በዚያም ቀን መብራቱን የሚያበራ ሰው ያስፈልጋል።