በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር?
የናፍጣ ፒክአፕ መኪናዎች የነዳጅ ፍጆታ፣ ከአብነት እስከ ዓባይ በረሃ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአብነት አካባቢ በማለዳ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ የአገሪቱ የንግድ ሥራ ምን ያህል በፒክአፕ መኪና ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር፣ ዕድሜ የተጫነው ሃይሉክስ፣ አዲስ የገባ ዲማክስ፣ ሁሉም ከመርካቶ የወጣውን ጨርቅ፣ ሚስማር፣ የፕላስቲክ ዕቃና የመኪና መለዋወጫ እየጫኑ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ ይሰማራሉ። ከእነዚህም መኪናዎች ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚጓዝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በሊትር ስንት ይሄዳል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በአንድ ሹፌር እንጀራና ስም ላይ የሚፈርድበት ጊዜ አለ። የስምሪት ክፍል ባለው መሥሪያ ቤት ለአንድ መኪና አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ወር ሲሞላ የተነዳው ኪሎ ሜትር ለ8 ይካፈልና ከተቀዳው ናፍጣ ጋር ይመሳከራል። ልዩነት ከተገኘ ሰውየው ወይ ከደመወዙ ይከፍላል፣ ወይ ናፍጣ ሻጭ ተብሎ ይታማል። ናፍጣ የሚሸጥ ሹፌር የለም ለማለት አይደለም፤ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ሲሳሳት፣ በልቅ ቁጥር የሚሠራው ሌባ ሳይያዝ ይኖራል፤ በጠባብ ቁጥር የሚሠራው ሐቀኛ ሰው ደግሞ ያልሰረቀውን ይከፍላል። መንግሥት ለነዳጅ የሚሰጠው ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ከተደረገ ወዲህ፣ የአንድ ሊትር ልዩነት እንደ ቀድሞው በዝምታ የሚታለፍ አልሆነም።

ከፋብሪካው የሚመጣው መግለጫ ይህን ክርክር አይፈታውም። በአውሮፓ ለቤት አውቶሞቢሎች በላቦራቶሪ የሚወጣው የፍጆታ ቁጥርና በመንገድ ላይ የሚታየው እውነት እ.ኤ.አ. በ2001 በ9 በመቶ ያህል ይለያዩ ነበር፤ በ2017 ግን ልዩነቱ ወደ 39 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ይህ በተለኩት መኪናዎች ላይ የታየ ነው። ስለ ከባድ ፒክአፕ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። በአሜሪካ ከነጭነቱ የተፈቀደ ክብደቱ ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,855 ኪሎ ግራም ገደማ የሚበልጥ ፒክአፕ፣ በሽያጭ ጊዜ የነዳጅ ፍጆታ መግለጫ እንዲለጠፍበት ሕጉ አያስገድድም። ስለዚህ ታላላቆቹን የፎርድ፣ የራምና የሼቭሮሌ የናፍጣ ፒክአፖች የገዛ ገበሬ ወይም ግንበኛ፣ መኪናው ስንት እንደሚጠጣ የሚያውቀው ራሱ በደብተሩ ሲመዘግብ ነው። የአብነት ሹፌርና የቴክሳስ ገበሬ በዚህ አንድ ነገር ይገናኛሉ።

ወደ አገራችን ሁኔታ ስንመለስ መጀመሪያ የሚነሣው የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ100 ወደ 80 ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲገጠም የኖረው ባለ 6 ሲሊንደሩ 4,164 ሲሲ ሞተር፣ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከአምስት አንድ እጅ ይቀንስበታል። የናፍጣ ፖምፓው ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀረ ግን የሚረጨው ናፍጣ አይቀንስም። ትርፉ ናፍጣ የሚያቃጥለው አየር ያጣና ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱን ሁሉም ያያል፤ ገንዘብ የተከፈለበት ናፍጣ መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ከፍታን የሚያመዛዝን መሣሪያ ያላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ መሣሪያው መሥራቱን የሚያጣራ ሰው ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። መኪናው ዳገት አልወጣ ሲል ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደውና «ናፍጣ ጨምርልኝ» ይላል። መካኒኩም ቡሎኗን ጥቂት አዙሮ ይጨምርለታል። ሞተሩ ያጣው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ መጨመር፣ ጭስ ለጠገበ ማዕድ ቤት እንጨት እንደ ማቀበል ነው። መፍትሔው የአየር ፊልትሮውን መመልከት፣ ኖዝሎቹን ማስፈተሽ፣ ፖምፓውንም በመፈተኛ ገበታ ላይ ለደጋ እንዲስማማ ማስተካከል ነው። ከሶማሌ ተራ ኖዝል ሲገዛም ለዚያው ሞተር የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ቅርጹ ስለተመሳሰለ የሚገጥም ሁሉ አረጫጨቱ አንድ አይደለምና። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። በፍትሕ ለመናገር ግን ስስ አየር ጥቅምም አለው፤ መኪናው በሚሮጥበት ጊዜ ከፊቱ የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ የነፋሱ ተቃውሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን በገጠር መንገድ በሚሮጥ መኪና ላይ ነው እንጂ በመርካቶ መካከል በሚያዘግም ላይ አይደለም።

መርካቶ ሲነሣ ደግሞ የቆመ መኪና ጉዳይ ይመጣል። ከአብነት ተነሥቶ በሰባተኛ አድርጎ ወደ አውቶቡስ ተራ ወይም ወደ እህል በረንዳ የሚያልፍ ባለ ጭነት መኪና፣ በእግረኛ፣ በጋሪና በጫኝና አውራጅ መካከል ርምጃ በርምጃ ይሳባል። ጭነት እስኪሞላም ሞተሩ ሳይጠፋ ይቆያል፤ ባትሪው የደከመ ከሆነ ሹፌሩ ለማጥፋት ይፈራል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። መካከለኛውን ወስደን በሰዓት 0.8 ሊትር ብንል፣ በቀን ሦስት ሰዓት የቆመ መኪና 2.4 ሊትር አቃጥሏል፤ በቆጣሪው ላይ ግን አንዲት ሜትር አልጨመረም። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር በሚለው ሒሳብ ይህ 19 ኪሎ ሜትር ያህል «የጠፋ» መንገድ ይሆናል። በወር 25 የሥራ ቀን ቢታሰብ 60 ሊትር ነው። ያን 60 ሊትር ሸጠሃል የተባለ ሹፌር በምን ቃል ይከራከራል? በመዝገቡ ላይ የቆመበትን ሰዓት የሚጽፍበት ዓምድ የለም።

ከከተማው ሲወጡ ፍርዱን የሚሰጠው ዳገቱ ነው፤ በዚህም ረገድ ከዓባይ በረሃ የሚሻል አስተማሪ አይገኝም። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ሲወጣ ከዚያ ብዙ የማያንስ ዳገት ይጠብቀዋል። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 1,400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 41 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ቢኖረውም፣ ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሢሶው እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ስለዚህ ለማንሣቱ ብቻ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ይጠፋል፤ የጎማውና የነፋሱ ተቃውሞ ገና አልተቆጠረም። በዚያ ላይ 10 ኩንታል ትርፍ ጭነት ቢጨመርበት፣ ለዚያች አንዲት ዳገት ሌላ አንድ ሊትር ከምናምን ይፈልጋል። ሹፌሩ ትርፉን የጫነው በአለቃው ትእዛዝ ከሆነ፣ ናፍጣውን የሚጠየቀው ማን መሆን እንዳለበት ግልጽ ነው።

ቁልቁለቱን በተመለከተ አንድ የቆየ እምነት መነቀል አለበት። ብዙ ሹፌር በፎሌ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል ብሎ ያምናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ቁልቁል ሲወርድ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ ፖምፓው መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ለብቻው ናፍጣ ይጠጣል። ፍሬኑም ያን ሁሉ ክብደት ብቻውን ይይዛል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ በፎሌ የወረደ ሰው ምንም ናፍጣ ሳያተርፍ ነፍሱንና የተሳፋሪውን ነፍስ ለአደጋ ሰጥቷል። ይህን የሚያውቁ አንጋፋ ሹፌሮች ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ምክንያቱን በሒሳብ ባያስረዱም ልማዳቸው ትክክል ነው።

ስለ ፍጥነት ብዙ መናገር አያሻም። የነፋስ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል፤ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲታለፍ ተቃውሞው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ቆልሎ የሚከንፍ ፒክአፕ የሚከፍለው ለመንገዱ ብቻ አይደለም።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው አለካኩ ነው። ፈተናው በአንድ ቀን፣ በባዶ መኪና፣ በ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቢደረግ፣ መኪናው የሚጠጣው ስድስት ሊትር ያህል ነው። ናፍጣ ሲቀዳ ስለሚያረፋ ታንኩ «ሞላ» የሚባልበት ነጥብ በአንድ ሊትር ቢሳሳት፣ ውጤቱ ከመቶ 16 ያህል ይሳሳታል። በ500 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ያው ስሕተት ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። መንገዱም ደርሶ መልስ መሆን አለበት። አዳማ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች ስለሆነች፣ ያው 3 ቶን መኪና ሲመለስ ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጨምራል፤ መሄጃው ብቻ የተለካ እንደሆነ መኪናው ከልኩ በላይ ይወደሳል።

ጎማም ያሳስታል። ከዋናው ይልቅ ዲያሜትሩ በ4 በመቶ ያነሰ ጎማ ሲገጠም፣ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ብሎ ሲጽፍ መኪናው የሄደው 96 ነው፤ ተለቅ ያለ ጎማ የገጠመው ደግሞ ብዙ ሄዶ ጥቂት ይጻፍለታል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ መንገድ ላይ ስለሚለጠፍ ናፍጣ ይበላል። ናፍጣው ራሱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ በሙቀት ስለሚሰፋ በአዋሽ ሐሩር የተቀዳ ሊትር በአዲስ አበባ ብርድ ከተቀዳው በመጠኑ ያነሰ ጉልበት ይይዛል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ፖምፓውንም ይበላዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው በወረቀት ላይ የሚሠራው ስሕተት ነው። አንድ መኪና በከተማ በሊትር 6፣ በገጠር በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የስምሪት ክፍሉ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ «አማካዩ 9 ነው» ይላል። ሹፌሩ 60 ኪሎ ሜትር በከተማ፣ 60 ኪሎ ሜትር በገጠር ቢነዳ፣ በከተማው 10፣ በገጠሩ 5፣ በድምሩ 15 ሊትር ይጨርሳል። 120 ለ15 ሲካፈል የሚገኘው 8 ነው እንጂ 9 አይደለም። በ9 ሒሳብ የሚፈቀድለት 13.3 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው 1.7 ሊትር ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል። ይህን ናፍጣ የሰረቀ ሰው የለም፤ የሰረቀው አከፋፈሉ ነው። ብዙ አገሮች ፍጆታን በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ብለው ይጽፋሉ፤ በዚያ አጻጻፍ እኩል መንገድ የተሄደባቸውን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ማካፈል አያሳስትም።

እንግዲህ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸውና በየጋራዣቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለአንድ መኪና አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ይውጣለት፤ አንዱ ለከተማ፣ አንዱ ለገጠር። ፈተናው መኪናው በሚሠራበት መንገድ፣ የሚጭነውን ያህል ኩንታል ጭኖ፣ በሙሉ ታንክ ደርሶ መልስ ይደረግ፤ ጎማ በተለወጠ፣ ፖምፓ በተነካ ቁጥርም ይደገም። በጉዞ መመዝገቢያው ላይ ለጭነቱ ክብደትና ሞተሩ ቆሞ ለሠራበት ሰዓት ሁለት ዓምድ ይጨመር። ፈተናው ሲካሄድ ሹፌሩ ራሱ መሪውን ይያዝ፤ ውጤቱ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ከስምሪት ኃላፊውና ከመካኒኩ ጋር ይፈርም፤ ግልባጩም ከሊብሬው ጋር በጋቢናው ውስጥ ይቀመጥ።