ማንም ያላዘዘው መድረክ፦ ለቡሬ ሜዳ የታሰበ የኮንሰርት መድረክ ንድፍ



ዛሬ የማቀርበው ማንም ያላዘዘኝን፣ ማንም ያልከፈለበትን ሥራ ነው። ለቡሬ የሚሆን የኮንሰርት መድረክ ስነድፍ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ መድረኩም እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ቴዲ አፍሮ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮንሰርት ባቀረበ ጊዜ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከታደሙት መካከል ተማሪዎቼ ነበሩበት። በማግስቱ ሰኞ አንዷ «ወደ እኛ የማይመጣው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «መድረክ የለንማ» አልኋት። የመምህር መልስ አልነበረም። ይህን መልሴን ልመረምር የተቀመጥሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ንድፌ ከትልልቆቹ የተቀዳ ነበር። የፒንክ ፍሎይድን የ«ዘ ዎል» መድረክ የነደፈውን እንግሊዛዊ አርክቴክት ማርክ ፊሸርን ሁልጊዜ አደንቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ለዩቱ ባንድ የሠራው ባለ አራት እግር መድረክ 50 ሜትር ያህል ይቆም ነበር፤ ተመልካቹም ዙሪያውን ይከብበዋል። እኔ የወሰድሁት ግን ዙሪያውን ሳይሆን ቁመቱን ነው። ከፍ ያለ የብረት ማማ፣ የተወጠረ የሸራ ጣሪያ፣ ከጀርባ ደግሞ 10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የሸራ ግድግዳ ሣልሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አሳመርሁት። ተቃዋሚ አልነበረኝም፤ እንዲህ ያለ ሥራ አደጋው ይህ ነው። የታዘዘ ሥራ የሚከራከር ባለቤት፣ «አይሆንም» የሚል መሐንዲስ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ማዘጋጃ ቤት አለው። የራስ ሥራ ግን እምቢ ባይ የለውም፤ ፈልገን ማምጣት አለብን።

እኔ እምቢ ባይ ያገኘሁት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠርግ ዳስ ሲጥሉ ከኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ሥዕሉን ገልብጠው፣ አቅንተው አዩትና፣

«ልጄ፣ ነፋሱ በየት ይወጣል?» አሉኝ።

«አያ፣ ሸራው ወፍራም ነው፤ በብረት ገመድ ይወጠራል» አልሁ።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው። የላላ ሸራ ይቀደዳል። የተወጠረ ሸራ ግን ምሰሶውን ነቅሎ ይሄዳል።»

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። የነፋስ ግፊት የአየሩ ጥግግት ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ እንደ ቡሬ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ብንወስድ፣ በሰከንድ 20 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። የእኔ ግድግዳ 60 ካሬ ሜትር ነበር፤ አሥራ ሁለት ኩንታል ገፋው ማለት ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ጫናው አርባ ስምንት ኩንታል ይደርሳል። ስሌቱን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ፤ በገዛ ሥዕሌ ላይ ግን አልሠራሁትም ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2011 በአሜሪካ የኢንዲያና ትርኢት ላይ ከማዕበል ቀድሞ የመጣ ነፋስ ጊዜያዊውን የመድረክ ጣሪያ በተመልካች ላይ ጥሎ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ያም መድረክ ከመውደቁ በፊት ያማረ ነበር።

ሁለተኛው እምቢ ባይ አንድ አዝማሪ ነው። መድረኩን 1.80 ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ከፊቱም አጥር አቁሜ ነበርና፣ «ዶክተር፣ ‹ተቀበል!› የሚለኝን ሰው ከየት ሆኜ ልሰማው ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አዝማሪ ግጥሙን ከታዳሚው አፍ ይቀበላል፤ በማሲንቆው አዙሮ ለታዳሚው ይመልሳል። በሞንታርቦ ብዛት ድምፁን እስከ ጫፍ ማድረስ ይቻላል፤ የታዳሚውን ግጥም ወደ እርሱ ማምጣት ግን የንድፍ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ርቀት መለካት ጀመርሁ። በካሬ ሜትር ሁለት ሰው ቢቆም 2000 ሰው 1000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ይህን ሕዝብ 15 ሜትር ስፋት ባለው መስመር ብናሰልፈው ኋለኛው ሰው ከ65 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ድምፅም በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የከበሮው ምት ከአንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል በኋላ ይደርሰዋል። እስክስታ የሚመታ ትከሻ ይህን ያህል መዘግየት አይችልም። ያንኑ ሕዝብ በግማሽ ክብ ብናቆመው ግን የመጨረሻው ሰው የሚርቀው 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቅኔ ማኅሌት መሪጌቶቹና ደብተሮቹ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት እየተያዩ እንደሚያዜሙ ታውቃላችሁ። ቅዱሱን ለዘፈን ልዋስ ማለቴ አይደለም፤ የለካሁት ርቀቱን ነው።

አዲሱ ንድፍ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ከመካከሉም 8 ሜትር የሚረዝም ምላስ ወደ ሕዝቡ ይገባል። ምሰሶና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው፤ ብረት መጋጠሚያው ላይ ብቻ ይገባል። የጀርባውን ሸራ አውጥቼ ከአዊ በሚመጣ ቀርከሃ ሣሣ አድርጌ አቆምሁት፤ ነፋሱ በመካከሉ ያልፋል። የጣሪያው ሸራ ሁለት ሰዎች በአፍታ ፈትተው በሚያወርዱት ቋጠሮ ይታሰራል። ቋጠሮው የእኔ አይደለም፤ የአያ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ሕዝብ ተሰብስቦ ማምሸት አስቸግሯል። የመድረክ መብራት ንድፌን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አስቀምጬ የቀን መድረክ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። በጥር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በደቡብ ምዕራብ ስለምትሆን መድረኩን በሜዳው ሰሜን ጫፍ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጌ አስቀመጥሁት። ፀሐይዋ ከተመልካቹ ጀርባ ሆና ዘፋኙን ታበራለች። ለጄኔሬተር ነዳጅም የሚያስፈልገው ለድምፅ ብቻ ይሆናል። መቼ ይሠራ ይሆን ለሚለው ቀን አልቆረጥሁም።

ሞዴሉ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳስ ጣዩ አያ ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል፤ ሁለተኛውን ንድፍ ገና አላዩትም። ጥያቄውን ከእርሳቸው እንጀምር።