ክብደት፥ ደምና የስሜን ከፍታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰጠ ንግግር)



ባገራችን ሰው ከዘመዱ ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚያየው ገላውን ነው። የወፈረውን «ተስማምቶሃል» እንለዋለን፤ የከሳውን ደግሞ «ምን ነካህ? አሞህ ነበርን?» ብለን እንጠይቀዋለን። ሰላምታው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን መወፈርና መክሳት ስለ ጤና የሚነግረን ምን ያህል ነው? በደም ምርመራ የሚገኘው ቁጥርስ ብቻውን ይበቃልን? ዛሬ ይህን በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

መጀመሪያ ራቅ ያለ ምሳሌ እንውሰድ። ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች ሐኪሞች ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ክብደቱ ሲቀንስ የሰውዬው ደምም አብሮ ይለወጣል። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር ሁኔታ የሚያሳየው ምርመራ ይሻሻላል፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ይወርዳል፤ ጠቃሚው ኮሌስትሮልም ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ በዚያው ደም ውስጥ ሌላ ነገር ሊጎድል ይችላል። ብረት በብዛት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ የጨጓራን እርዳታ ይፈልጋል። ጨጓራው ካነሰ ወይም ምግቡ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ ከተደረገ፥ ጥንቃቄ ያላደረገ ሰው ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን እየተመረመረ ቫይታሚንና ማዕድን እንዲወስድ ይታዘዛል። እንግዲህ አንዱ ቁጥር ሲሻሻል ሌላው ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ተራራ እንመለስ። ከቆላ መጥቶ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣ እንግዳ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ሁላችንም አይተናል። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። በ3500 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ኦክሲጅንን ተሸክሞ በሰውነት የሚያዳርሰው ሄሞግሎቢን የተባለው፥ ብረት ያለበት የቀይ ደም ክፍል ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የአየሩን መሳሳት የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው በዝቶ ነው።

የስሜን ሰው ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት የደባርቅን ደገኞች ከአዲ አርቃይ ቆለኞች ጋር አነጻጽረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል፥ አምሃ ገብረ መድኅንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ የሄሞግሎቢኑ አማካይ ለወንዶች 15.9፥ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆነ። ኦክሲጅን የያዘውም ሄሞግሎቢን በአማካይ 95.3 ከመቶ ነበር። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ የማይወጣ ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ቢኖር መልሳችን እንደሚከተለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ወሰን ለወንድ 13፥ ላልጸነሰች ሴት 12 ግራም አድርጎታል። በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ግን ወሰኑ ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በ3500 ሜትር ጭማሪው ከ2 ግራም ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ ከፍታ የአንድ ወንድ ወሰን ከ15 ግራም ያልፋል። የስሜን ወንዶች አማካይ 15.9 ከሆነ፥ ብርቱ ሆኖ የሚያርስ ጤነኛ ገበሬ «ደም አንሶሃል» ሊባል ነው። እንዲህም ሲሆን ጤነኛው ያለ ፍላጎቱ መድኃኒት ይውጣል፤ እውነተኛው ሕመምተኛ ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይረሳል።

ይህን ስንል በደጋ ደም ማነስ የለም ማለታችን አይደለም። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ብረት ሊጎድላቸው ይችላል። የሚደክማቸው፥ የሚያዞራቸው፥ ልባቸው ቶሎ ቶሎ የሚመታባቸው ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ለነፍሰ ጡር የታዘዘውም የብረት እንክብል አይቋረጥ። በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ በሚገኝበት ስፍራ ቢጨመር ጉዳዩ ይጣራል። በቤታችንም ምስር፥ ሽምብራና ጎመን እንብላ፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደናቅፉ ከማዕድ ጋር ሳይሆን ቆየት ብለን እንጠጣ።

በመጨረሻ ለጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በዳባትም እ.ኤ.አ. በ1996 የሕዝቡን ልደት፥ ሞትና ጤና የሚከታተል የምርምር ጣቢያ ተቋቁሟል። የስሜንን ሰው ደም የስሜን ልጆች ራሳቸው መርምረው ትክክለኛውን ወሰን ቢያገኙለት ምንኛ ባማረ! ከመካከላችን ባዮሎጂና ሒሳብ የሚከብዳችሁ ብትኖሩ፥ ከቁጥሩ በስተ ጀርባ የእናታችሁ ጤና እንዳለ አስባችሁ በርቱ።